ሃያ ሰባተኛው ሰው

በእግር ኳስ አንድ ለባዶ የሚመራ ቡድን ኳሷን ማዕዘን ላይ አግቶ፣ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ የጫማውን ክር አሥሬ እየፈታ ደቂቃውን ሊገፋ ይችላል። በቤዝቦል ይህ ብልጠት አይሠራም፤ ጨዋታውን የሚጨርስ ሰዓት የለምና። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። በየዙሩ ሦስት የተጋጣሚ መቺዎችን፣ በድምሩ ሃያ ሰባት ሰው ከጨዋታ ማስወጣት ግድ ይላል። አንድ ሰው ሲወጣ «አውት» ሆነ ይባላል። ሃያ ስድስቱን ያስወጣ ቡድን በአሥር ነጥብ ቢመራም ገና አላሸነፈም።

ይህን ሕግ የኒውዮርኳ ብሩክሊን ከማንም በላይ በገዛ ሥጋዋ ተምራዋለች። ከ1941 እስከ 1957 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሰዎች እስከ ዛሬ ከሚያወሯቸው የቤዝቦል ቅጽበቶች ብዙዎቹ የተፈጸሙት በኒውዮርክ ከተማ በነበሩ ሦስት ሜዳዎች ላይ ነው። በአብዛኞቹም ከሁለቱ ተጋጣሚዎች አንዱ የብሩክሊን ዶጀርስ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ተሸናፊው።

ብሩክሊን እስከ 1898 ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ከኒውዮርክ ጋር ተጠቃልላ ከአምስቱ ክፍለ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ ኩራቷ ግን አልተጠቃለለም። ከወንዙ ማዶ ማንሃታን ጃያንትስ የተባለ ቡድንና ፖሎ ግራውንድስ የተባለ ሜዳ ነበራት። ብሮንክስ ውስጥ ደግሞ ያንኪስ ነበር፤ እነ ቤብ ሩት የተጫወቱበት፣ ዋንጫ መሰብሰብ የዘወትር ሥራው የሆነ ቡድን። የብሩክሊን ሜዳ በ1913 የተከፈተው ኤቤትስ ፊልድ ሲሆን ሠላሳ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ብቻ ይይዝ ነበር። ተመልካቹ ከሜዳው መስመር አፍንጫ ሥር ስለሚቀመጥ ተጫዋቾቹ ስድቡንም ምርቃቱንም ቃል በቃል ይሰሙት ነበር። ሂልዳ ቼስተር የተባለች ደጋፊ የላም ቃጭል እያንቃጨለች ትጮኽ ነበር። ከዜማው ይልቅ ዳኞችን በማብሸቅ የታወቀ የደጋፊዎች ባንድም ነበር። ልብስ ሻጩ ኤብ ስታርክ ደግሞ የቀኙ አጥር ላይ ማስታወቂያ ሰቅሎ፣ ማስታወቂያውን በኳስ ለመታ ተጫዋች ሙሉ ልብስ በነፃ እሰጣለሁ ይል ነበር። ማስታወቂያው ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለና ከፊቱ ተከላካይ ስለሚቆም፣ ነጋዴው በዚህ አልከሰረም።

የሁለቱ ታላላቅ ሊጎች አሸናፊዎች በየዓመቱ መኸር ላይ «ወርልድ ሲሪስ» በሚባል ፍጻሜ ይገናኛሉ፤ ከሰባት ጨዋታ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ዶጀርስ በ1916ም በ1920ም ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚያም አልበቃም። ደጋፊዎቹ ቡድናቸውን በፍቅር «ቦዘኔዎቹ» ይሉት ነበር፤ በየዓመቱ መጨረሻም «እስኪ ለከርሞ» እያሉ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

በ1941 በጋ የአሜሪካ ጋዜጦች ሁለት ሰዎችን ሲከታተሉ ከረሙ። የያንኪሱ ጆ ዲማጂዮ ከሜይ 15 እስከ ጁላይ 16 ድረስ በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች ቢያንስ አንዳንድ የተሳካ ምት መታ፤ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። የቦስተኑ ቴድ ዊሊያምስ ደግሞ ከአሥር ሙከራ ከአራት በላይ እየተሳካለት የውድድር ዘመኑን ጨረሰ። ብሩክሊን ግን የራሷ ጉዳይ ነበራት፤ ዶጀርስ ሊጉን አሸንፎ ከያንኪስ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ ዕለት፣ አራተኛው ጨዋታ በኤቤትስ ፊልድ ተካሄደ። ያንኪስ በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 ይመራል፤ ዶጀርስ ይህን ካሸነፈ እኩል ይሆናሉ። በዘጠነኛው ዙር ዶጀርስ 4 ለ 3 እየመራ ሃያ ስድስት ሰው አስወጥቷል። ሃያ ሰባተኛው ቶሚ ሄንሪክ ነው። ሁለት ስትራይክ (መቺው የሳታት ወይም መምታት ሲችል ያሳለፋት ኳስ) ተቆጥሮበታል፤ አንዲት ብቻ ቀርታዋለች። ወርዋሪው ሂው ኬሲ ቁልቁል የምትጠመዘዝ ኳስ ለቀቀ፤ ሄንሪክ ዱላውን ሰነዘረ፤ ሳታት። ዳኛው እጁን አነሣ፤ ፖሊሶች ሜዳውን ከሕዝቡ ሊጠብቁ መግባት ጀመሩ።

ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ ሦስተኛዋን ስትራይክ ከመቺው ጀርባ ያጎነበሰው ቀላቢ በጓንቱ ካልያዛት፣ መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ፣ ነጥብ ለማግኘት በየተራ ከሚረገጡት አራት ጣቢያዎች ወደ መጀመሪያው፣ መሮጥ ይፈቀድለታል። የዶጀርሱ ቀላቢ ሚኪ ኦወን በዚያው ዓመት ያለ ስህተት በመቅለብ የሊጉን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነበር። ያቺ ኳስ ከጓንቱ ጠርዝ ነጥራ ወደ ኋላ ተንከባለለች። ሄንሪክ ሮጠ፤ ደረሰም። ዲማጂዮ መታ። ቻርሊ ኬለር መታ፤ ሁለት ነጥብ ገባ። አንድ ሰው በነፃ ወደ ቤዝ አለፈ፤ ጆ ጎርደን መታ፤ ሌላ ሁለት ገባ። 7 ለ 4። በማግስቱ ያንኪስ አምስተኛውን ጨዋታ ጨምሮ ዋንጫውን ወሰደ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ፣ በሌላ እሑድ፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾችም ወደ ጦር ሠራዊት ገቡ።

ኦወን እስከ 2005 ድረስ በሕይወት ቆይቶ በ89 ዓመቱ አረፈ፤ ያቺ ኳስም እስከ መቃብር ተከተለችው። ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አልነበረም። ኬሲ ከዚያ በኋላ ኬለርን ሁለት ስትራይክ ላይ አድርሶት ነበር፤ አንዲት ጥሩ ኳስ ብትጨመር ነገሩ ያበቃ ነበር። አሠልጣኙ ሊዮ ደሮቸርም ከመቀመጫው ተነሥቶ የደነገጠውን ወርዋሪ አላረጋጋም፤ ይህን በኋላ ራሱ አምኗል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ብሩክሊን የቤዝቦልን ብቻ ሳይሆን የአገሪቱን ታሪክ የነካ ነገር አደረገች። ጥቁሮች ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የትም ባልተጻፈ ስምምነት ከታላላቆቹ ሊጎች ታግደው በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር። የዶጀርሱ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ይህን አጥር ለመስበር ወሰነ፤ ፍትሕም ትርፍም በሐሳቡ ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው መነጠል ከባድ ነው። በኦገስት 1945 ጃኪ ሮቢንሰን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ቢሮው ጠርቶ ለሰዓታት አነጋገረው። ሮቢንሰን በዩኒቨርሲቲ በአራት ስፖርቶች የተወዳደረ ነው። በጦሩ ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ሳለ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እንቢ ብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ በነፃም ተለቋል። ሪኪ የጠየቀው ግን አጸፋ የሚመልስ ሰው ሳይሆን ሲሰደብ ዝም ለማለት የሚደፍር ሰው ነበር። ሮቢንሰን ተስማማ። 1946ን በካናዳዋ ሞንትሪያል በዶጀርስ ተጠባባቂ ቡድን አሳለፈና ሊጉን በምት አማካይ መራ።

በ1947 መባቻ አንዳንድ የዶጀርስ ተጫዋቾች ከእሱ ጋር አንጫወትም የሚል ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ደሮቸር ይህን ሲሰማ ቡድኑን በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሰብስቦ፣ ሰውየው ይጫወታል፣ ያልጣመው ይሂድ ሲል ቁርጡን ነገራቸው። (ደሮቸር ራሱ ግን ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው በሌላ ጉዳይ ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ያ ሰው ከጠብ ርቆ አያውቅም።)

ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን 42 ቁጥርን ለብሶ ኤቤትስ ፊልድ ገባ። ከ25 ሺህ በላይ ሰው ተገኘ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር። ያን ቀን አንድም የተሳካ ምት አልነበረውም። በሰባተኛው ዙር ግን በፍጥነቱ ተከላካዮቹን አስደንብሮ ቤዝ ደረሰ፤ ቡድኑን ወደ መሪነት ያሸጋገረችውን ነጥብም በእግሩ አስገባ። ዶጀርስ 5 ለ 3 አሸነፈ። ከሳምንት በኋላ የፊላደልፊያ ቡድን አሠልጣኝ ቤን ቻፕማን ተጫዋቾቹን አስተባብሮ የስድብ ናዳ አወረደበት። ሮቢንሰን በቃሉ ጸንቶ ዝም አለ። ዝምታውን መሸከም ያቃተው ጓደኛው ኤዲ ስታንኪ ነበር፤ መመለስ የሚችለውን ሰው ስደቡ ብሎ ጮኸባቸው። ሪኪ በኋላ ቡድኑን አንድ ያደረገልኝ ቻፕማን ነው ይል ነበር። ሮቢንሰን ያን ዓመት 29 ቤዝ ሰርቆ (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ደርሶ)፣ 125 ነጥብ አስቆጥሮ በምርጥ አዲስ ተጫዋችነት ተሸለመ። ዶጀርስም ለወርልድ ሲሪስ በቃ። ተጋጣሚው? ያንኪስ።

የ1947ቱ ወርልድ ሲሪስ በቴሌቪዥን የተላለፈ የመጀመሪያው ነው፤ ተመልካቾቹም የሚያዩት አላጡም። ኦክቶበር 3 ቀን በአራተኛው ጨዋታ የያንኪሱ ወርዋሪ ቢል ቤቨንስ በወርልድ ሲሪስ ማንም ያላደረገውን ሊያደርግ ደርሶ ነበር። ሃያ ስድስት ሰው እስኪወጣ ድረስ ዶጀርስ አንድም የተሳካ ምት አልነበረውም። ቤቨንስ ኳሱን መቆጣጠር አቅቶት አሥር ሰው በነፃ ስላሳለፈ ዶጀርስ ያለ ምት አንድ ነጥብ ቢያገኝም፣ ያንኪስ 2 ለ 1 ይመራል። አል ጂዮንፍሪዶ የተባለ አጭር ተቀያሪ ሯጭ ሁለተኛ ቤዝን ሰረቀ። በዚያ ጊዜ ሊመታ እያነከሰ የወጣው ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳው ፒት ራይዘር ነበር። የያንኪስ አሠልጣኝ ባኪ ሃሪስ ራይዘርን ስለፈራ በነፃ እንዲያልፍ አዘዘ፤ በዚህም የመሸነፊያዋን ነጥብ በገዛ እጁ ቤዝ ላይ አስቀመጠ። ከተለመደው ውጭ የሆነ ውሳኔ ነበር።

ሃያ ሰባተኛው ሰው በስታንኪ ምትክ የገባው የ34 ዓመቱ ኩኪ ላቫጄቶ ሆነ። ሁለተኛዋን ኳስ ወደ ቀኙ አጥር ላካት። አጥሩን መትታ ስትነጥር የሚያሳድዳት ተከላካይ ቶሚ ሄንሪክ ነው፤ የ1941ዱ ሄንሪክ። ኳሷ ታገለችው፤ ሁለቱ ሯጮች ገቡ። 3 ለ 2። ቤቨንስ በአንዲት ምት ታሪኩንም ጨዋታውንም አጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ በያንኪ ስታዲየም ያው ጂዮንፍሪዶ የዲማጂዮን ረጅም ምት 415 ጫማ የሚል ምልክት ከተጻፈበት አጥር ሥር ሮጦ ያዘው። በሜዳ ላይ ስሜቱን የማያሳየው ዲማጂዮ ያኔ አፈሩን በእግሩ ረገጠ። ሰባተኛውን ጨዋታ ግን ያንኪስ አሸነፈ። ቤቨንስ፣ ላቫጄቶና ጂዮንፍሪዶ ከዚያ መኸር በኋላ ሦስቱም በታላላቆቹ ሊጎች ዳግመኛ አልተጫወቱም።

በ1949 ሮቢንሰን የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ ዶጀርስ ግን እንደገና በያንኪስ ተሸነፈ። በ1950 በውድድሩ የመጨረሻ ቀን በፊላደልፊያ ተሸንፎ ለፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሪኪ ለቀቀና ቡድኑ በጠበቃው ዋልተር ኦማሊ እጅ ገባ። ይህ ስም በኋላ ይመለሳል።

ከዚያ 1951 መጣ። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ዶጀርስ ከጃያንትስ በ13 ጨዋታ ተኩል ይርቅ ነበር። ጃያንትስን የሚያሠለጥነው ደግሞ ሊዮ ደሮቸር ሆኗል፤ በ1948 በጋ ወንዙን ተሻግሮ ከጠላት ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ጃያንትስ በተከታታይ 16 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከመጨረሻዎቹ 44 ጨዋታዎች 37ቱን ወሰደ። በመጨረሻው ቀን ዶጀርስ ከጨዋታ ውጭ እንዳይሆን ያዳነው ሮቢንሰን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ዙር ተወርውሮ ኳስ ያዘ፤ በአሥራ አራተኛው ዙር ሆም ራን (ኳሷ ከአጥሩ ውጭ የምትወድቅበት ምት) መታ። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ስለጨረሱ የሦስት ጨዋታ ማጣሪያ ተደረገ። አንድ አንድ ተሸናነፉ።

ኦክቶበር 3፣ ረቡዕ፣ ፖሎ ግራውንድስ። ኋይት ሐውስ በዚያው ቀን ሶቪየት ኅብረት ሌላ አቶሚክ ቦምብ መሞከሯን አስታውቋል፤ የኒውዮርክ ሰው ግን ሬዲዮው ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ሜዳው ውስጥ የተገኘው 34,320 ሰው ብቻ ስለነበር ብዙ ወንበር ባዶ ነው። ዘጠነኛው ዙር ሲጀመር ዶጀርስ 4 ለ 1 ይመራል፤ ሦስት ሰው ብቻ ማስወጣት ይቀረዋል። የደከመው ወርዋሪ ዶን ኒውኮምብ ሁለት ምት ተመታ፤ አንድ ሰው አስወጣ፤ ሌላ ምት ተመታ። 4 ለ 2፤ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ። አሠልጣኙ ቻርሊ ድሬሰን በስልክ ተጠባባቂዎቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀ። ካርል ኧርስኪን ኳሱ መሬት እየመታበት እንደሆነ ሲነገረው ራልፍ ብራንካን አስገባ። ቁጥሩ 13። ሊመታ የቀረበው ቦቢ ቶምሰን ነበር፤ በስኮትላንድ የተወለደ፣ ከሁለት ቀን በፊትም በዚሁ በብራንካ ኳስ ሆም ራን የመታ። ከቶምሰን ቀጥሎ ተራውን የሚጠብቀው ዊሊ ሜይስ የተባለ የ20 ዓመት ጀማሪ ነው።

የመጀመሪያዋ ኳስ ስትራይክ ሆነች። ሁለተኛዋ የግራውን ዝቅተኛ አጥር አልፋ ተመልካቾቹ መካከል ወደቀች። 5 ለ 4። የጃያንትስ የሬዲዮ አስተላላፊ ራስ ሆጅስ ቡድኑ ሊጉን ማሸነፉን አራት ጊዜ ደጋግሞ ጮኸ። የዶጀርስ ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፍተው ወደ መልበሻ ክፍል ሲያመሩ ሮቢንሰን ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ቶምሰን እያንዳንዱን ቤዝ በእግሩ መርገጡን እያየ። አንዱን ቢዘል ኖሮ ነጥቡ ይሰረዝ ነበር። አልዘለለም።

ይህ ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ለማግኘት ሃምሳ ዓመት ያህል ወሰደበት። በ2001 መጀመሪያ ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ፣ ጃያንትስ በዚያ በጋ በሜዳው መሐል ጀርባ ካለው ክፍላቸው በቴሌስኮፕ የተጋጣሚ ቀላቢዎችን የጣት ምልክት እያነበበ በኤሌክትሪክ ደወል ለመቺዎቹ ያስተላልፍ እንደነበር አጋለጠ። ቶምሰን ዘዴው እንደነበረ አመነ፤ ያቺን ኳስ ግን አስቀድሞ አላወቅኋትም አለ። ብራንካ ወሬውን የሰማው ከዓመታት በፊት ነበር፤ ሆኖም አፉን ዘግቶ ኖሯል። እሱና ቶምሰን በየዝግጅቱ አብረው እየቀረቡ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሲፈርሙ ወዳጆች ሆነው አረጁ። ጃያንትስ ዶጀርስን የደረሰበት በአንዲት ምት ብቻ ሳይሆን በ37 ድል ስለነበረ፣ ቴሌስኮፑ ምን ያህሉን እንዳመጣ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ዶጀርስ በ1952 በሰባት ጨዋታ፣ በ1953 በስድስት ጨዋታ፣ ሁለቱንም ጊዜ በያንኪስ ተሸነፈ። የ1953ቱ ዶጀርስ 105 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ ከእሱ የተሻለ ቡድን ብሩክሊን አላየችም ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ዓመታት መነገር ያለበት የዶጀርሱ መቺ የጊል ሆጅስ ነገር ነው። በ1952ቱ ፍጻሜ 21 ጊዜ ሞክሮ አንድም አልተሳካለትም። በሌላ ከተማ ቢሆን ይጮኹበት ነበር። የብሩክሊን ሰው ደብዳቤና ስጦታ ላከለት፤ በቀጣዩ ወቅትም መምታት እንዳቃተው ሲቀጥል አንድ የካቶሊክ ቄስ ለስብከት ቀኑ በጣም ይሞቃል ብለው ምእመናኑን ለሆጅስ ጸልዩ ብለው አሰናበቱ።

በ1954 ተራው የጃያንትስ ሆነ። ዶጀርስ ሳይኖርበትም ቢሆን ዊሊ ሜይስን መዝለል አይቻልም። 111 ጨዋታ ያሸነፈው ክሊቭላንድ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 2 ሳሉ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አድርሶ ነበር። ቪክ ዌርትዝ ፖሎ ግራውንድስ መሐል ያለውን ያን የማያልቅ ሜዳ ሊያዳርስ መታት። ሜይስ ጀርባውን ሰጥቶ ሮጠ፤ ኳሷን በትከሻው ላይ አሳልፎ ያዛት፤ ወዲያው ዞሮ ወርውሮ ሯጮቹ ነጥብ እንዳያስቆጥሩ ገታቸው። ጃያንትስ በአሥረኛው ዙር አሸነፈ፤ ዋንጫውንም በአራት ተከታታይ ጨዋታ ወሰደ።

የ1955ቱን የውድድር ዘመን ዶጀርስ በአሥር ተከታታይ ድል ጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ 24 ጨዋታዎች 22ቱን አሸነፈ። ለፍጻሜ ግን ያው ያንኪስ ጠበቀው። በመጀመሪያው ጨዋታ የ36 ዓመቱ ሮቢንሰን ከሦስተኛ ቤዝ ተነሥቶ የመጨረሻውን ቤዝ ሰረቀ፤ ቀላቢው ዮጊ ቤራ ዳኛው ላይ ዘሎ ጮኸ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አውት ነበር እንዳለ ቀረ። ያም ሆኖ ያንኪስ ሁለቱን ጨዋታ አሸነፈ። ዶጀርስ ወደ ኤቤትስ ፊልድ ተመልሶ ሦስት በተከታታይ አሸነፈ፤ ከእነዚህ የመጀመሪያውን የወረወረው ጆኒ ፖድረስ ያን ቀን 23 ዓመት ሞላው። በስድስተኛው ጨዋታ ያንኪስ እኩል አደረገ።

ኦክቶበር 4፣ ማክሰኞ፣ ያንኪ ስታዲየም፤ ከ62 ሺህ በላይ ተመልካች። በውድድሩ ዘመን 9 አሸንፎ 10 የተሸነፈው ፖድረስ እንደገና ወርዋሪ ሆነ። ሮቢንሰን ተጎድቶ ተቀምጧል። ጸሎት የተጸለየለት ጊል ሆጅስ ሁለቱንም ነጥብ አስገኘ፤ 2 ለ 0።

በስድስተኛው ዙር አሠልጣኙ ዋልተር አልስተን አንድ ቅያሪ አደረገ፤ በዚህም ምክንያት ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ወደ ግራው ሜዳ ገባ። ወዲያው ያንኪስ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አወጣ። ቤራ ኳሷን ወደ ግራው መስመር ጥግ ላካት። ተከላካዮቹ ቤራ ወደ ቀኝ ይመታል ብለው ስለተጠጉ ያ ጥግ ባዶ ነበር። አሞሮስ ረጅም ሮጦ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ግራኝ ስለሆነ ጓንቱ በቀኝ እጁ ነው፤ ከእሱ በፊት እዚያ የቆመው ጂም ጊሊያም ጓንቱ በግራ እጁ ስለሆነ አይደርስባትም ነበር። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ገባች። አሞሮስ ለተከላካዩ ፒ ዊ ሪስ፣ ሪስ ለሆጅስ ወረወሩ፤ ከቤዙ ሩቅ ሄዶ የነበረው የያንኪሱ ሯጭ ጊል ማክዱጋልድም ሳይመለስ አውት ሆነ። ፖድረስ ከዚያ በኋላ ዜሮውን ጠበቀ።

ሃያ ሰባተኛው ሰው ኤልስተን ሃዋርድ ሆነ፤ የያንኪስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። ያንኪስ ይህን ለማድረግ ከሮቢንሰን በኋላ ስምንት ዓመት ወስዶበታል። ሃዋርድ ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ሪስ መታት። ሪስ በ1941 ኳሷ ከኦወን ስትሸሽ ሜዳ ላይ ነበር፤ በያንኪስ አምስት ጊዜ ሲሸነፉ አምስቱንም ጊዜ ተጫውቷል። አንሥቶ ወደ ሆጅስ ወረወራት፤ ዝቅ ብትልም ሆጅስ ያዛት።

ብሩክሊን ውስጥ የስልክ መስመሮች ተጨናነቁ፤ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ መንገዱን ሞሉት። ዴይሊ ኒውስ በማግስቱ የፊት ገጹ ላይ፣ ማነው ቦዘኔው ብሎ ጠየቀ። ቡድኑ ውስጥ ሳንዲ ኮፋክስ የሚባል የ19 ዓመት የብሩክሊን ልጅም ነበር፤ በፍጻሜው አንድም ኳስ አልወረወረም።

በ1956 ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። በሁለተኛው ጨዋታ የያንኪሱ ወርዋሪ ዶን ላርሰን የስድስት ነጥብ መሪነት ተሰጥቶት ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ተቀይሮ ወጣ። ላርሰን በሥራ ዘመኑ ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበዛ፣ የምሽት ኑሮ የሚወድ ሰው ነበር። ኦክቶበር 8 ቀን በአምስተኛው ጨዋታ አሠልጣኙ ኬሲ ስቴንግል እንደገና ኳሱን ሰጠው። በሁለተኛው ዙር የሮቢንሰን ኃይለኛ ምት ከአንዱ ተከላካይ ጓንት ነጥሮ ሌላው ጋ ደረሰና ለጥቂት አውት ሆነ። በአምስተኛው ዙር የያንኪሱ ሚኪ ማንትል የሆጅስን ረጅም ምት ሮጦ ያዘ። ሃያ ስድስት ሰው መጣ፤ ሃያ ስድስቱም ተመለሰ። ማንም ቤዝ አልረገጠም።

ሃያ ሰባተኛው ዴል ሚቸል በአሥራ አንድ ዓመት የተጫዋችነት ዘመኑ በስትራይክ የወጣው ከ120 ጊዜ ያነሰ፣ ለማስወጣት አስቸጋሪ መቺ ነበር። የላርሰን 97ኛ ኳስ ስትመጣ ዱላውን ሊሰነዝር ጀምሮ ገታው። ዳኛው ቤብ ፒኔሊ ስትራይክ አለ። ሚቸል እስከ መጨረሻው ኳሷ ውጭ ነበረች እንዳለ ኖረ። ቤራ ሮጦ ላርሰን ላይ ተንጠለጠለ። በወርልድ ሲሪስ እንዲህ ያለ ፍጹም ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። ዶጀርስ ስድስተኛውን ጨዋታ በሮቢንሰን ምት 1 ለ 0 ቢያሸንፍም ሰባተኛውን በገዛ ሜዳው 9 ለ 0 ተሸነፈ። የመጨረሻው መቺ ሮቢንሰን በስትራይክ ወጣ። በዲሴምበር ለጃያንትስ ሸጡት፤ እሱ ግን ወንዙን አልተሻገረም፤ ጨዋታ አቆመ።

ኦማሊ አዲስ ስታዲየም ይፈልግ ነበር። ኤቤትስ ፊልድ አርጅቷል፤ ለመኪና ማቆሚያ ያለው ቦታ ለ700 ያህል መኪና ብቻ ነው፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ መኪና እየገዙ ወደ ከተማው ዳርቻ እየወጡ ነበር። ኦማሊ በአትላንቲክና ፍላትቡሽ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ፣ ባቡሮቹ በሚሰባሰቡበት፣ በራሱ ገንዘብ እሠራለሁ አለ፤ መሬቱን ግን ከተማው እንዲያሰባስብለት ጠየቀ። የከተማዋን ግንባታ በእጁ ያደረገው ሮበርት ሞዝስ እንቢ አለ፤ ኩዊንስ ውስጥ ፍለሺንግ ሜዶስን አቀረበለት። ኦማሊም ኩዊንስ ከሄድን የብሩክሊን ቡድን አንባልም ብሎ መለሰ፤ በመጨረሻ የሄደባት ሎስ አንጀለስ ግን ከኩዊንስ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብሩክሊን ለዘመናት የረገመችው ኦማሊን ነው፤ ሞዝስም ድርሻው ትንሽ አልነበረም። ዶጀርስ የሸሸው ከስሮ አይደለም፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያስገባና ያተርፍ ነበር።

በኦገስት 1957 ጃያንትስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንደሚሄድ ይፋ ሆነ። ሴፕቴምበር 24 ማታ ዶጀርስ በኤቤትስ ፊልድ ፒትስበርግን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የተገኘው 6,702 ሰው ነበር። ኦርጋን ተጫዋቿ ግላዲስ ጉዲንግ በየዙሩ መካከል የስንብት ዜማ ስትጫወት አመሸች። ኦክቶበር 8 ቀን ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ መሄዱ ታወጀ። በፌብሩዋሪ 1960 ሜዳውን ያፈረሰው የብረት ድቡልቡል የቤዝቦል ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቦታው ላይ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠራ።

ኦክቶበር 2 ቀን 1963 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ለወርልድ ሲሪስ ያንኪ ስታዲየም ገባ። ወርዋሪው ሳንዲ ኮፋክስ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት መቺዎች በተከታታይ በስትራይክ አስወጣ፤ በድምሩ 15 ሰው በስትራይክ አስወጥቶ ኧርስኪን ልክ ከአሥር ዓመት በፊት በኤቤትስ ፊልድ ያስመዘገበውን የ14 ክብረ ወሰን ሰበረ። ዶጀርስ 5 ለ 2 አሸነፈ፤ ያንኪስንም በአራት ተከታታይ ጨዋታ ጠረገው። በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ ሁለተኛውን ጨዋታ 4 ለ 1 ያሸነፈው ወርዋሪ የ31 ዓመቱ ጆኒ ፖድረስ ነበር።